በሰው ቋንቋ የሚለቀስ ለቅሶ

ልብስ ሰፊዋ ልጇን መጠርጠር የጀመረችው በድምጿ ነው።

ልጅቷ በሕፃንነቷ ጉንጯ ሙሉ ስለነበር ድምቡሼ ትባል ነበር፤ አድጋ እንደ ሜትር እንጨት ቀጥ ብላ ከቀጠነች በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዘመናዊ ቋንቋዎችና የዓለም ባህሎች የሚባል ትምህርት ይዛለች። ክፍለ ትምህርቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ባሕር ማዶ ያለ አንድ የልምምድ ጓደኛ መድቧል። የድምቡሼ ድርሻ ድምቡሼ የምታጠናውን ቋንቋ ለውጭ ሰው ማስተማር የምትማር የዚያ አገር ወጣት ሆነች። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስትመለስ ጓዳ ትገባና በሩን ገጥማ ከእሷ ጋር በስልክ ታወራለች።

እናትየው በቤቱ የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ጓዳውን ከሥራ ክፍሉ የሚለየው ቺፕውድ ብቻ ነው። ድምቡሼ በራሷ ቋንቋ ስትናገር ድምጿ ወፍራም፣ አፏ ፈጣን፣ ነገሯም ቁርጥ ያለ ነው። በዚያኛው ቋንቋ ሲሆን ግን ድምጿ ይቀጥንና ይለሰልሳል፤ እንደሚለማመጥ ሰው ቃሉን ትጎትተዋለች። ስትስቅም ሳቋ የእሷ አይደለም።

«የሌላ ሰው ልጅ ጓዳዬ ገብታ የምታወራ ነው የሚመስለኝ» አለቻት ለታላቅ እህቷ።

ታላቅ እህቷ ገበያ ውስጥ ጫማ የምትሸጥ፣ ነገር ከሩቅ የሚሸታት ሴት ናት። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም። «ወንድ ነዋ! ሴት ልጅ ድምጿን የምታቀጥነው ወይ ለወንድ ወይ ለአለቃ ነው። አለቃ ደግሞ የላትም።»

«ኧረ ሴት ናት፤ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

«እህቱ ትሆናለቻ! እያግባባችለት ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ፤ አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ የሰፋሽላትን ኮት ለብሳ ትሰናበትሻለች።»

ነገሩ የሥራ ክፍሏ ድረስ ተከትሏት መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዋ ከቺፕውዱ አልተነቀለም። ችግሩ መኪናዋ ነው። ለመስማት ብላ ፔዳሉን ስታቆም ጓዳ ያለው ድምፅም ዝግ ይላል። አንዴ ሲሆን አጋጣሚ ነው አለች። ሲደጋገም ግን ልጇ የመኪናውን ድምፅ እየጠበቀች እንደምታወራ ገባት። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ክሩን ከመርፌው ታወጣና ጨርቅ ሳታስገባ ባዶውን መኪና በዝግታ እየረገጠች አንገቷን ወደ ግድግዳው ታስረዝማለች። በመንገድ የሚያልፍ ሰው በመስኮት ቢያያት ምን እንደሚላት ሲታሰባት በራሷ አፈረች፤ ግን አልተወችም።

በዚያ ዘዴ የሰማችው ነገር ባይሰማ ይሻል ነበር። ከማታውቀው የቃላት ጎርፍ መካከል «እማዬ» የሚል ቃል ብቅ አለ። ቆይቶ ደግሞ «እማዬ»። ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች። ስልኩ ውስጥ ያለችውም አለቀሰች። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ በሰው ቋንቋ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅምና እግሯ ፔዳሉ ላይ ደረቀ።

ድምቡሼ ዐይኗን አብሳ ስትወጣ «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«ምን ሆንኩ? ልምምድ ነው እማዬ። ስሜት መግለጽ የሚል ምዕራፍ ላይ ደርሰናል።»

ስሜት መግለጽ! እናትየው ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ለእሱ የሚመች ነገር አያጣም። ድምቡሼ ሳጥን ውስጥ ያለውን የእናቷን የወጣትነት ፎቶ አውጥታ በስልኳ ስታነሳው ተያዘች። ስትጠየቅ «ለትምህርት ነው» አለች። በሌላ ቀን ከቦርሳዋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ወጣ፤ የዓለም ሕዝቦች እንዴት እንደሚቀብሩና ሐዘናቸውን እንዴት እንደሚቀመጡ የሚተነትን ነበር። ሽፋኑ ላይ ሬሳ ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች ተሥለዋል።

«ይኼስ?»

«ለባህል ኮርሱ ነው። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ርዕስ መርጠናል።»

«ከሠርግ፣ ከዘፈን፣ ከልብስ ሁሉ ይኼን መረጥሽ?»

ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። መጽሐፉን ከእናቷ እጅ ወስዳ ወደ ጓዳ ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ኋላ ማሰብ ጀመረች። ባለፈው ክረምት ጎኗን ሲወጋት ድምቡሼ ሐኪም ቤት ወስዳት ነበር። እሷ መጋረጃው ጀርባ ልብሷን ስትለብስ ሐኪሙ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግሯታል። «ምን አለሽ?» ስትላት «ጨጓራ ነው፤ ቁርስ ትብላ አለ» ብላ በሳቅ ነበር የመለሰችላት። ያኔ ነገሩን በዚያው ረስታው ነበር። አሁን ግን ያ ሳቅ ትዝ አላትና እየደጋገመች መረመረችው። ቶሎ የመጣ ሳቅ አልነበረም? ደግሞስ ልጅቷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሳትታዘዝ ዕቃ የምታጥበው ለምንድነው? «አንቺ ዐረፍ በይ እማዬ» የምትለውስ? ቃል መልሳ የምታውቅ ልጅ ስትቆጣት አንገቷን ደፍታ የምትሰማው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሌላ ትርጉም አላገኘችለትም። ልትሞት ነው፤ ሐኪሙ ያውቃል፤ ልጇ ታውቃለች፤ ባሕር ማዶ ያለችው ሳትቀር ታውቃለች። ያልተነገራት የሞቱ ባለቤት ብቻ ናት።

ስልኳ ላይ የደንበኞቿን ልክ በድምፅ መቅዳት ለምዳለች። አንድ ቀን ድምቡሼ ከመምጣቷ በፊት ስልኩን ከፍታ፣ ጓዳው ውስጥ በታጠፈ የሽፋን ጨርቅ መካከል ሸጎጠችው። ልጅቷ አውርታ፣ አልቅሳ፣ ወጥታ ወደ ሱቅ ስትላክ፣ እሷ ስልኩን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

ማዶ ያለው ቤት የጋሽ ዌልካም ነው። ሙሉ ዕድሜውን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ቤቱ የመጣን ሁሉ፣ ውሃ ቆጣሪ አንባቢውን ሳይቀር፣ «ዌልካም፣ ዌልካም!» እያለ ስለሚቀበል ሰፈሩ ስሙን ቀየረለት። ድምቡሼ የምትማረውን ቋንቋ አሳምሮ ይችላል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ስማልኝ» አለችው። «የልጄን ጉብዝና እንድትመዝንልኝ ነው።»

ጋሽ ዌልካም ለመስማት ብሎ መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ «ጎበዝ! አነጋገሯ እንዴት ያምራል!» አለ። ቀጥሎ ፈገግታው ባለበት ቆመ። ከዚያ ፊቱ ዐመድ መሰለ። መነጽሩን አወለቀ፤ አበሰው፤ መልሶ አደረገው፤ ልብስ ሰፊዋን ግን አላያትም።

«ምን ትላለች?»

«ም... ስለ አየር ጠባይ ነው የሚያወሩት።»

«በአየር ጠባይ ይለቀሳል እንዴ ጋሼ?»

«እዚያ አገር ብርዱ ከባድ ነው» አለ ጋሽ ዌልካም።

ስልኩን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀድሞ ተጠራጥራ ነበር፤ አሁን አመነች። ይባስ ብሎ ሰውየው በነጋታው ደግ ሆነ። ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ተቀበላት፤ ሚስቱ ያለ ምክንያት ብርቱካን ይዛ መጣች፣ ተቀምጣም ትክ ብላ አየቻት። ልብስ ሰፊዋ ብርቱካኑን ስትልጥ ይኼ የበሽተኛ ጥየቃ መሆኑ ነው አለች በሆዷ።

ያ ሳምንት ሳይወጣ፣ በመስኮቷ በኩል ጋሽ ዌልካምንና ድምቡሼን የመንገዱ ማዕዘን ላይ ቆመው አየቻቸው። ሰውየው ጣቱን እየቀሰረ ይናገራል። ልጅቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። የምትሰፋው የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ነበር፤ ወገቡን በየት በኩል እንደምታጠበው ጠፋባት።

ማታ እራት ቀርቦ ድምቡሼ እጇን ታጥባ ስትቀመጥ፣ እናትየው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

«ስንት ጊዜ ነው የቀረኝ?»

«ምን?»

«አትደብቂኝ ልጄ። ሐኪሙ ያለሽን ንገሪኝ። የያዝኩትን ልብስ ለሰው ማስረከብ አለብኝ። ቤቱን በአንቺ ስም ማዞር አለብኝ። ዝም ብዬ በደመ ነፍስ አልሄድም።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። «እማዬ፣ አልታመምሽም እኮ!»

«ማይልኝ!»

«እግዜርን! ምንም የለብሽም። ጨጓራ ነው ያለው፣ ጨጓራ ብቻ!»

«ታዲያ የምታለቅሺልኝ ምን ሆኜ ነው? እማዬ፣ እማዬ ስትይ ሰምቼሻለሁ። ጋሽ ዌልካምም ሰምቶሻል፤ ቀድቼ አሰምቼዋለሁ። ምን ሆኛለሁ?»

ድምቡሼ አንገቷን ደፋች። ድምጿ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

«ሞተሻል።»

 ከዚያ ልጅቷ እንደ ተቀደደ ጆንያ ዘረገፈችው።

ገና ሁለተኛው ጥሪያቸው ነበር። የልምምድ ጓደኛዋ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብላ ጠየቀቻት። ድምቡሼ «ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ አሁን ዐርፋለች» ልትል ፈለገች፤ እናቷ ራሷ የልብስ ፋብሪካውን ለቅቃ በቤቷ መስፋት ከጀመረች ወዲህ ሁልጊዜ «ከዚያ ቤት ዐረፍኩ» ነው የምትለው። መዝገበ ቃላቱ ላይ «ዐረፈች» የሚለውን ፈለገች፣ መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ቃል አንስታ ተናገረች። ያ ቃል ደግሞ ሞተች ማለት ነበር።

«ዝም አለች» አለች ድምቡሼ። «ከዚያ አንድ ነገር ተናገረችና ማልቀስ ጀመረች። ያኔ የምትለውን ግማሹን አልሰማም። እናቷ በዚያው ዓመት እንደሞተች የገባኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ፈልጌ ነው።»

«በሚቀጥለው አትነግሪያትም ነበር?»

«ልነግራት ነበር! ተለማምጄ ቀረብኩ። እሷ ግን የእናቷን ፎቶ ይዛ ጠበቀችኝ። ‹ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺ ብቻ ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ› አለችኝ። እንዴት ብዬ... ደግሞ የአንቺንም አሳዪኝ አለች።»

ልብስ ሰፊዋ ምኗን መያዝ እንዳለባት አላወቀችም። መኖሯን በመስማቷ ልቧ ወደ ቦታው ሲመለስ ይታወቃታል፤ ቁጣውም አብሮ መጣ።

«በቁሜ ቀብረሽኝ ነው ቀኑን ሙሉ ‹ዐረፍ በይ› የምትዪኝ!» ጠረጴዛውን መታችው። ግን ደግሞ ማወቅ አማራት። «ምን ሆኜ ሞትኩ?»

«ድንገት... ልብ።»

«ልቤ ምን ሆነች!»

«የሰውነት ክፍሎችን ገና እስከ ልብ ነበር የተማርነው።»

እናትየው ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ዋጠችው። «እና እንባውስ? እሱም ከመጽሐፍ ነው?»

«መጀመሪያ የውሸት ነበር» አለች ልጅቷ። «ኋላ ግን... ስለ አንቺ ስነግራት ሁሉንም በኃላፊ ጊዜ መናገር አለብኝ። ትሰፋልኝ ነበር፣ ትቆጣኝ ነበር፣ እጇ እንዲህ ነበር እያልኩ። ‹ነበር› ስል ሆዴ ይባባል፤ እውነት ይመስለኛል። ስልኩን ዘግቼ ስወጣ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ አይሻለሁ፤ የማደርገው ይጠፋኛል፣ ዕቃ አጥባለሁ።»

ጋሽ ዌልካም ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ያስቆማት፣ እናቷን በወሬ ገድላ ከውጭ ሰው ርዳታ የምትለምን አጭበርባሪ መስላው ነው።

ያን ምሽት እራቱ ሳይነካ ቀዘቀዘ። እናትየው ከቁጣዋ ይልቅ ያቺን የማታውቃትን ልጅ ነበር የምታስበው። በመጨረሻ «እሷ እውነተኛውን ነው የሰጠችሽ» አለች። «አንቺ የሰጠሻት የውሸት ነው። ትነገራለች። የምነግራት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ቋንቋውን አታውቂውም እኮ።»

«ታስጠኚኛለሽ። ባንቺ አፍ ካስነገርኩማ ደግሞ ምን ብለሽ እንደምትገድዪኝ ማን ያውቃል?»

የምትለውን በራሷ ቋንቋ ነገረቻት፤ ድምቡሼ ተርጉማ በራሳችን ፊደል ጻፈችላት። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና፣ ልጅቷ ሳታይ መንገድ ተሻግራ ያንኑ ቃል ጋሽ ዌልካም ተርጉሞ በዚያው ፊደል እንዲጽፍላት ጠየቀች። እውነቱን ሲሰማ መጀመሪያ አማተበ፣ ኋላ ሳቀ፣ ከዚያ ብርቱካኑን አስቦ ዐፈረ። የሁለቱን ጽሑፍ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ ስታስተያይ ግን አልተገናኙም።

«ይኼውና!» አለች ደሟ ፈልቶ። «አሁንም ሌላ ነገር ጽፋልኛለች!»

ጋሽ ዌልካም አየውና «የለም፣ የለም፤ የእሷ ትክክል ነው» አለ። «የእኔ ‹ውድ እንግዳችን› ብሎ ስለሚጀምር ነው። ልማድ ሆኖብኝ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ቁልፍ እየተከለች ዐረፍተ ነገሩን አጠናችው። በቀጠሮው ቀን ራሷ የሰፋችውን ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ከድምቡሼ ጎን ጓዳ ገባች። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፈው በምስል ደወሉ።

የስልኩ መስታወት ላይ ፀጉሯ ያልደረቀ፣ ፊቷ ክብ፣ ኩባያ የያዘች ልጅ ብቅ አለች። ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ ብስክሌት ተሰቅሏል። ድምቡሼን ስታይ ፊቷ በራ። ልብስ ሰፊዋ ገና የአራስ ቤት ጉንጯ እንኳ ያልጠፋ ሕፃን ናት ብላ አሰበች፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

ልጅቷ አወቀቻት። ከፎቶው ዕድሜ ቢጨምርም ዐይኑ ያው ነው። ኩባያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ልብስ ሰፊዋ ያጠናችውን ተናገረች። አንዱ ቃል ላይ ተሰናከለች፣ ተመልሳ አስተካከለችው። «ልጄ፣ እኔ ነኝ እናቷ። አልሞትኩም። ልጄ በቃል ተሳሳተች፣ ከዚያ ፈራች። የአንቺን እናት ነፍስ ይማር።»

 ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ልብስ ሰፊዋን ብቻ ታያለች። ቆይታ ተናገረች፤ በዝግታ፣ ለረጅም ጊዜ።

«ምን አለች?»

«በመኖርዎ ደስ...» ብላ ጀመረች ድምቡሼ።

«አትቆንጥሪ! እንዳለችው።»

ድምቡሼ ምራቋን ዋጠች። «‹ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደ እኔ የሆነች አንድ ሰው አለች ብዬ ነበር› ነው ያለችው።»

ልብስ ሰፊዋ ይኼን ለማመን ወደ ማንም መሄድ አላስፈለጋትም፤ የልጅቷ ፊት ላይ ተጽፏል። «ልክ ነሽ በያት» አለች። ቀጥሎም መተርጎሙን ሳትጠብቅ በገዛ ቋንቋዋ «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች፤ ገብቷት ይሁን ለመሰናበት አልታወቀም። መስታወቱ ጠቆረ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ አልደወለችም፤ ስልክም አላነሳችም። መምህሩ ለድምቡሼ ሌላ የልምምድ ጓደኛ መደበላት፤ ስለ ጓሮው አትክልት ብቻ የሚያወራ ጡረተኛ ሽማግሌ ነው። ድምቡሼ የተክል ስም ሁሉ ዐወቀች፣ የቃል ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፈች። ጥሪው ሲያልቅ ግን ከጓዳ ቶሎ አትወጣም። እናትየው የሰሞኑ ዝምታ የልምምድ እንዳልሆነ ዐወቀችና አልነካካቻትም።

በዕረፍቱ ወራት ድምቡሼ ቁጭ ብላ በዚያ ቋንቋ ረጅም የይቅርታ መልእክት ጻፈች፤ ከመዝገበ ቃላት ጋር ስትታገል ሰነበተችና ላከችው። መልስ ሳይመጣ ቆየ። ትምህርት ሊከፈት ሲል አንድ ጠዋት ስልኳን ይዛ ወደ ሥራ ክፍሉ መጣች፤ የምትስቅም የምታለቅስም ትመስላለች።

«መለሰች!»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። እርማት ነው የላከችው። የራሴን ጽሑፍ፣ ስሕተቱን ሁሉ በቀይ አስተካክላ። አንድ ቃል እንኳ የራሷን አልጨመረችም።»

እናትየው ስልኩን ተቀብላ አየችው። የማታነበው ጽሑፍ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀይ ተረጭቶበታል። «ይኼ ምን ማለት ነው? ታርቃሻለች ወይስ ሰድባሻለች?»

«እኔ ምኑን ዐውቄ።»

«ያረመችው ብዙ ነው?»

«አንዱንም አልማረችኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ይኼን ሁሉ ለማረም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ገመተች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ወደ አንድ ጎን ሰብስባ ቦታ ለቀቀች። ድምቡሼ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጽሑፉን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እንደገና በንጹሕ መጻፍ ያዘች።